ወድቀውም ይጠይቁ የነበሩት እትዬ ጥሩወርቅ

እትዬ ጥሩወርቅ አረፉ። በወጋችን መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሰው ማልዶ ቤት ድረስ ሄዶ፣ ተቀምጦ፣ ጉሮሮውን ጠራርጎ ነው የሚያረዳው። እኛ ግን በዋሽንግተን ዙሪያ ተበትነን አንዱ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንዱ አሌክሳንድሪያ፣ አንዱ አናንዴል፣ ሌላው ሥራ ላይ ስለሆንን ወጉን መጠበቅ አልሆነልንም። ለጋሽ ለማ የደወልኩለት እኔ ነኝ። «ሃሎ» ብሎ ዝም ስልበት ጊዜ ገባው። «በቃ?» አለኝ። «በቃ» አልኩት። ሁለታችንም ስልኩን እንደያዝን አለቀስን። ይህን የጻፍኩት ለአርባቸው ለምትሰበሰቡትም፣ ከሥራ ፈቃድ ተከልክላችሁ ለምትቀሩትም፣ እርሳቸውን ለምታውቁ ሁሉ ነው።

ለማታውቁኝ፣ የሺ እባላለሁ፤ ነርስ ነኝ። ነገሩ ስለ እትዬ ጥሩወርቅ ደግነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ከእኔ የተሻለ የሚጽፍ ሞልቷል። የመጀመሪያ የብርድ ካፖርቱን እርሳቸው ያላሳጠሩለት ሰው ከመካከላችሁ ካለ እጁን ያውጣ። እኔ መናገር የምፈልገው ስለ ጠያቂነታቸው ነው። አንዳንዶቻችሁ «ወሬ ይወዳሉ» ትሏቸው ነበር፤ ሰምቻለሁ። ተሳስታችኋል። ወሬ የሚወድ ሰው የሰማውን ይዞ ሌላ ቤት ይሄዳል። እርሳቸው የሰሙትን ይዘው እዚያው ተቀምጠው ሌላ ጥያቄ ይጠይቁ ነበር።

ሥራቸው ልብስ ማስተካከል ነበር። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ከአንድ ድራይ ክሊነር ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ከስፌት መኪናቸው ጋር ተቀምጠው ሱሪ ያሳጥራሉ፣ ዚፕ ይቀይራሉ፣ ገበር ያድሳሉ። መርፌውን በከንፈራቸው ይዘው እንኳ ከመጠየቅ አይቦዝኑም። ደንበኛ ሱሪ ይዞ ሲመጣ ቁመቱን ከመለካታቸው በፊት፣ በዚያ በራሳቸው እንግሊዝኛ፣ «ይህን ለብሰው የት ይሄዳሉ?» ይሉታል። ለሠርግ ከሆነ የማን ሠርግ ነው? ለሥራ ከሆነ ቆመው ነው የሚውሉት ተቀምጠው? አንድ ቀን አፍሬ «እትዬ፣ ሰውዬው ምን አገባዎት ቢልዎትስ?» ብላቸው፣ «ልብሱ የት እንደሚውል ሳላውቅ መቀስ አላነሣበትም» አሉኝ።

እኔ አሜሪካ ሳልመጣ፣ የሜትሮው ባቡር መስመር ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ሲሠራ፣ ከሥራ ሲወጡ በየቀኑ አጥሩ ሥር ቆመው ያዩ ነበር አሉ። ሠራተኞቹ ለምደዋቸው አንድ ቀን ሲቀሩ «የት ጠፉ?» ይሏቸው ነበር። ለቀጠሮ የሚያረፍዱትም በዚሁ ነው። መንገድ ሲቆፈር ካዩ ማን ያሳልፋቸዋል!

አንድ ጊዜ ደግሞ በሱዳን በኩል የመጣች ሴት አንድ ወዳጃችን ቤት ተጋብዛ ነበር። ሁላችንም «እኔን! ስንት መከራ አይተሽ ይሆን!» እያልን ከንፈራችንን ስንመጥላት አቀረቀረች። እትዬ ጥሩወርቅ ወንበራቸውን አስጠጉና «እዚያ ልብስ በምን ታጥቡ ነበር? ሳሙናው በውሃው አረፋ ያወጣል?» አሏት። ሴትየዋ ቀና አለች። «አያወጣም» አለች። ከዚያማ ስለ ውሃው፣ ስለ አሸዋው፣ ነጠላ እንዴት እንደሚነጣ ስትነግራቸው አመሸች። እኛ ተሰናብተን ስንወጣ ገና እያወሩ ነበር።

አሁን ወደ ራሴ ጉዳይ ልምጣ። ነርስ ሆኜ የመጀመሪያ ሥራዬን ያገኘሁት አሌክሳንድሪያ ነው። ሆስፒታል አይደለም፤ በየቤቱ እየዞሩ በሽተኛ ማየት ነው፤ ቁስል ማጠብ፣ መርፌ መውጋት፣ ደም ግፊት መለካት። ለዓመታት የአረጋውያን ቤት ውስጥ ሰው እያገላበጥኩ፣ ከሥራ መልስ እየተማርኩ ያገኘሁት ሥራ ስለሆነ እወደው ነበር። መኪና ከሌለ ግን ሥራው የለም። በዚያ ዓመት ብርዱ ሲገባ፣ ወደ ሥራ ስሄድ ከተማውን በሚዞረው ቤልትዌይ ላይ፣ የፖቶማክ ድልድይ ጋ ስደርስ፣ መኪናዬ በረዶ ላይ ተንሸራታ እንደ እንዝርት ዞረች። ስትቆም ፊቷ ወደ መጣሁበት ነበር። ሰው አልተጎዳ፣ መኪና አልተነካ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ መሪ መጨበጥ አቃተኝ። ቁልፉን አስገብቼ ሳላዞረው መልሼ አወጣዋለሁ።

ወዳጆቼ ተረባረቡልኝ። በተለይ ጋሽ ለማ። ማታ ማታ አንድ ፓርኪንግ ውስጥ እየሠራ፣ ቀን መተኛቱን ትቶ ከበሽተኛ ቤት በሽተኛ ቤት ያመላልሰኝ ነበር። እኔ ቁስል ሳጥብ እሱ መኪናው ውስጥ ያንኮራፋል። ሁሉም «አይዞሽ፣ እስኪለቅሽ ድረስ እኛ አለን» ይለኛል። እነሱ «አለን» ባሉ ቁጥር እኔ ባሰብኝ። አለቃዬ ደግ ሴት ነበረች፤ ግን ወሩ ሳያልቅ ራሴ መንዳት ካልጀመርኩ በቦታዬ ሌላ ሰው ለመቅጠር እንደምትገደድ ቁርጡን ነገረችኝ።

እትዬ ጥሩወርቅ ይህን ሲሰሙ አይዞሽ አላሉኝም። የዩኒፎርሜን እጅጌ ሲያሳጥሩ ነበርና ከስፌቱ ቀና ብለው «መኪናው ሲንሸራተት ድምፅ አለው?» አሉኝ።

«ምን?»

«ይጮኻል ወይስ ዝም ብሎ ነው የሚዞረው?»

በገንኩ። ሰው ከሞት ተርፎ እንዲህ ይጠየቃል? «እኔ እንጃ እትዬ! ዓይኔን ጨፍኜ ነበር» አልኳቸው።

«ውይ፣ ያሳዝናል» አሉ፣ ከልባቸው አዝነው። «ሳታይው አለፈሽ!»

በዚያው ሰሞን አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ጉልበት ላይ የሚያበቃ ወፍራም የሱፍ ሱሪ ሊያስተካክል መጣ። «ቀሪውን ማን ቆረጠብዎ?» አሉት። ስኪ የሚሄድበት ሱሪ መሆኑን ነገራቸው፤ ያ ከተራራ የሚወረድበት ሳይሆን፣ ረዥም ቀጭን እንጨት እግር ላይ ታስሮ ጫካ ለጫካ የሚኬድበት ስኪ። ከዚያ ወዲያ ሱሪው ተረሳ። ሰው በረዶው ውስጥ ለምን አይሰምጥም? እንጨቱ ወደ ፊት ከተንሸራተተ ዳገት ላይ ወደ ኋላ ለምን አይመለስም? ሽማግሌው ማስረዳት ሲሰለቸው ወደ ቦታው የሚወስደውን መንገድ ወረቀት ላይ ሥሎ ሰጣቸው።

«ቅዳሜ ስኪ እንሄዳለን» አሉን እትዬ። ጋሽ ለማ በሳቅ ፈረሰ፤ ግን መኪናውን ነዳጅ ሞልቶ መጣ። አብራኝ የምትኖረው ትዕግስት ግሮሰሪ ውስጥ ካሸር ነበረች፤ «ይሄማ አያመልጠኝም» ብላ፣ ታምሜያለሁ ስትል ለሥራዋ ደውላ ቀረች። እኔ እንዴት እንደተስማማሁ እስከ ዛሬ አይገባኝም። በረዶ የሚባል ነገር ማየት አልፈልግም ነበር። እትዬን እንቢ ማለት ግን ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

ወደ ምዕራብ፣ ወደ ተራራው ስንሄድ መንገዱን ሙሉ ከኋላ ወንበር ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ስንደርስ ስገልጠው ጫካው ነጭ ነው። ጥዶቹ ቅርንጫፋቸው በበረዶ ጎብጦ ዝም ብለው ቆመዋል። ንፋስ የለም። እትዬ ጥሩወርቅ ጓንታቸውን አውልቀው በረዶውን ዘገኑና በጣታቸው ፈተጉት፣ አሸተቱት፣ ከዚያ ቀመሱት። «የከተማው እንዲህ አይደለም፤ ይሄ ይንኮሻኮሻል» አሉ። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሱሪ ለብሰዋል፤ ራሳቸው የሰፉት ነው። ለጨዋነት ከላዩ ቀሚስ ደርበውበታል። ጋሽ ለማ ደግሞ፣ ሰው እንግዳ ቦታ ሲሄድ ክብሩን መጠበቅ አለበት ብሎ፣ በሱፍ ልብስና በከረባት ነው የመጣው። ሁለቱን የስኪ ምርኩዞች ሲሰጡት ማሕሌት የቆመ ይመስል አገጩን አስደግፎባቸው ቆመ።

ስኪውን ያከራየችን ወጣት ፈረንጅ አወዳደቅ አስተማረችን። መጀመሪያ መውደቅን ነው የምታስተምረው! ትዕግስት ተረጎመችልን። ስትወድቁ አትደንግጡ፣ ወደ ጎን ተንከባለሉ፣ ጉልበታችሁን ሰብስቡ፣ ከዚያ ብቻችሁን ተነሡ፤ ማንም ማንንም እንዳይጎትት። «እሺ፣ እሺ» አልን። ከዚያ ቀጭኑ መንገድ መግቢያ ላይ «እትዬ ይቅደሙ»፣ «የለም፣ ለማ አንተ ቅደም»፣ «ኧረ በሞቴ!» ስንባባል ከኋላችን ፈረንጆቹ ተሰለፉ። በመጨረሻ ትዕግስት ተሰላችታ ቀደመችና ተገላገልን።

እኔ መጀመሪያ እንጨቱ ከሥሬ ሸርተት ሲል «እናቴ ድረሽ!» ብዬ ጮኽኩ። ጥቂት ሄደና ራሱ ቆመ። ደግሜ ሞከርኩ፤ ሄደና ቆመ። እትዬ ከኋላዬ «ማን አቆመው? አንቺ ነሽ ወይስ ራሱ?» ይላሉ። «እኔ እንጃ እትዬ!» «እስቲ ድገሚውና እይው።» ስደጋግም ዓይኔን መጨፈኔን ረሳሁት። እውነት ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዚያ አንዲት ትንሽ ቁልቁለት ላይ ደረስን። እትዬ ጥሩወርቅ «እስቲ ልየው» ብለው ወረዱ። ቀሚሳቸው እንደ ጃንጥላ ተነፋ፤ ከታች በጎናቸው ዘፍ ብለው ወደቁ።

እንግዲህ እናንተ ፍረዱ። ትልቅ ሰው፣ ያውም እናታችን የምትሆን ሰው ወድቃ እያየ እጁን አጣምሮ የሚቆም አበሻ አለ? ከሦስታችንም አፍ በአንድ ጊዜ «እኔን!» ወጣ። የልጅቷ ትምህርት ከጭንቅላታችን ብን ብሎ ጠፋ። እግራችን ላይ እንጨት መታሰሩንም ረስተን ቁልቁል ሮጥን። መጀመሪያ ጋሽ ለማ ደረሰና እላያቸው ላይ ወደቀ፤ ትዕግስት ጋሽ ለማ ላይ፣ እኔ ትዕግስት ላይ። ምርኩዙም፣ እንጨቱም፣ ሰውም አንድ ላይ ተቆላለፈ። ከሁሉም ሥር፣ በረጋ ድምፅ፣ «ይሄ የማን እግር ነው?» ሲሉ ሰማኋቸው።

ሳቃችን ጫካውን ሞላው። ቆይቼ ጋሽ ለማ እንደማይስቅ አስተዋልኩ። ቀኝ እጁ ከትዕግስት ስኪ ሥር ገብቶ ነበር። ዳሰስኩት፤ የተሰበረ አልመሰለኝም፣ ግን እያየነው አበጠ። በከረባቱ አንገቱ ላይ አሰርኩለት። እትዬ ጥሩወርቅ ምንም አልሆኑም። ወደ ጎን ተንከባልለው፣ ጉልበታቸውን ሰብስበው፣ ብቻቸውን ተነሡ፤ ትምህርቱን የሰሙት እርሳቸው ብቻ ነበሩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው ሲቸገር ስንንጋጋ ካዩ፣ «የወደቀ ሰው ላይ ዘላችሁ አትውደቁበት፤ መጀመሪያ ምን ሆንክ በሉት» ይሉን ነበር።

መኪናው ጋ ደረስን። አዲስ በረዶ ማካፋት ጀምሯል። እትዬ መንዳት አይችሉም፣ ትዕግስት መንጃ ፈቃድ የላትም። ጋሽ ለማ «በአንድ እጄ እነዳዋለሁ» አለ። መኪናው ማርሹ በእጅ የሚቀየር ነው፤ በቀኝ እጁ ማንኪያ እንኳ ማንሣት አይችልም። «አይሆንም» አልኩት፤ ነርስ ነኝና። አልኩና ደነገጥኩ፤ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። ጋሽ ለማ ዓይኔን ሳያይ ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀመጠ። ዛሬ ካልነዳሁ መቼም እንደማልነዳ፣ ሥራዬም እንዳለቀለት ያኔ ታወቀኝ። የሾፌሩን በር ከፍቼ ገባሁ።

እትዬ ጥሩወርቅ ፊት ወንበር ላይ ገብተው ቀሚሳቸውን አስተካከሉና እግሬን አዩ። «የግራ እግርሽ ምን ላይ ነው ያለው?»

«ፍሪሲዮን ላይ።»

«ሥራው ምንድን ነው?»

«ሞተሩን ከጎማው ይለያል፣ እትዬ።»

«ለምን ይለያል?»

መለስኩላቸው። ስመልስ መኪናው መንቀሳቀስ ጀምሮ ነበር። አሁን ለምን ለቀቅሽው? ማርሹን በምን አወቅሽ መቀየር እንዳለብሽ? በጆሮሽ? እንዴት ነው የሚሰማው? ጋሽ ለማ ከኋላ «እትዬ፣ በመድኃኔ ዓለም! ልጅቷን አያናግሯት!» ይላል። እርሳቸው ወይ ፍንክች! መልሴ ካልጣማቸው ደግመው ይጠይቃሉ፤ እኔም ለማስረዳት ስል እግሬን፣ እጄን፣ መንገዱን ማየት ግድ ሆነብኝ። መፍራቱንማ ፈርቻለሁ፤ ግን ለፍርሃቱ ጊዜ አልሰጡኝም።

ከተራራው ስንወርድ አንድ ጠመዝማዛ ላይ የኋላው ጎማ ሸርተት አለ። ዓይኔን ግን አልጨፈንኩም። ፍሬን አልያዝኩም፤ መሪውን ወደሄደበት መለስ ሳደርገው ተስተካከለ።

«አሁን ተንሸራተተ፣ አይደል?» አሉ እትዬ።

«አዎ።»

ጥቂት አሰቡና፣ ትልቅ ነገር እንዳገኘ ሰው፣ «ድምፅ የለውም ለካ!» አሉ።

ሲልቨር ስፕሪንግ ሳይመሽ ገባን። መኪናውን አቁሜ መሪው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ትዕግስት ከኋላ እልል አለች። ሰኞ በራሴ መኪና፣ ብቻዬን፣ በዚያው ድልድይ ላይ አልፌ አሌክሳንድሪያ ሄድኩ። ይኸው እስከ ዛሬ እዚያው ሥራ ላይ ነኝ።

ከረጅም ጊዜ በኋላ «እትዬ፣ ያን ቀን ሆን ብለው ነው አይደል የጠየቁኝ? እንዳልፈራ?» አልኳቸው። ተገረሙብኝ። «ኧረ የምን ሆን ብሎ! ማርሽ ምን እንደሚሠራ አላውቅም ነበር እኮ» አሉ። እውነታቸውን ነው። ወዲያው መንዳት መማር ጀመሩ። ፈተናውን ስንት ጊዜ ወደቁ! አንድ ጊዜ ፈታኙን «ይህን ሥራ ትወደዋለህ?» ብለው መልሱን ሲያዳምጡ ቀይ መብራት ጥሰው አለፉ። ሰውዬው እየጣላቸውም ይስቅ ነበር። በመጨረሻ መንጃ ፈቃዱን አገኙ፤ ከኮሎምቢያ ሃይትስ እስከ አናንዴል ሲነዱ ያያችኋቸው፣ ከኋላቸው ሆናችሁ ክላክስ ያደረጋችሁባቸውም አላችሁ።

ሲታመሙም ያው ነበሩ። የሆድ ካንሰር መሆኑን ሐኪሙ ሲነግራቸው የት ቦታ ላይ እንደሆነ በሥዕል እንዲያሳያቸው ጠየቁት። ክፍላቸው ጠያቂ ሞልቶት ሁላችንም «ይድናሉ፣ አይዞዎት» ስንል አዳመጡንና ወደ እኔ ዞሩ። «የሺዬ፣ አንቺ በሥራሽ ሰው ሲሞት አይተሻል። መጨረሻው ላይ ሰው ምን ይሆናል?»

«ኧረ በስመ አብ! እትዬ ምን ነካዎት!» ብሎ ሰዉ ተንጫጫ። እኔ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና ያየሁትን ነገርኳቸው። እጅና እግር እንደሚቀዘቅዝ፣ ትንፋሽ እየራቀ እንደሚሄድ፣ ጆሮ ግን እስከ መጨረሻው ይሰማል እንደሚባል። አንዳንዶቹ አንድ ቦታ ላይ ዓይናቸውን ተክለው እንደሚቆዩም ነገርኳቸው።

«ምን እያዩ ነው?»

«አላውቅም፣ እትዬ። የነገረኝ ሰው የለም።»

«እኔ እነግርሻለሁ» አሉ።

ያረፉበት ቀን ከሰዓት በኋላ አጠገባቸው የነበርኩት እኔ ነኝ። እጃቸው ቀዝቅዞ፣ ትንፋሻቸው ርቆ፣ ዓይናቸው ግን ተከፍቶ መስኮቱ አካባቢ አንድ ነገር ላይ ተተክሎ ነበር። ግንባራቸውን ቋጠር አድርገዋል፤ የማያውቁትን ልብስ ሲያገላብጡ እንደሚያደርጉት። ጎንበስ ብዬ «እትዬ፣ ምን ይታይዎታል?» አልኳቸው። ወደ እኔ አልዞሩም። «ቆይ፣ ዝም በይ» አሉኝ። «ልየው።»

ከዚያ በኋላ አልተናገሩም።

እትዬ ጥሩወርቅ፣ እነግርሻለሁ ብለውኝ ሳይነግሩኝ ሄዱ። አልተቀየምኩም። በዚህ አገር መንገድ ላይ ሁሉ የእርስዎን ጥያቄ ስመልስ ኖሬያለሁ፤ የእኔን አንዱን ጥያቄ እስክንገናኝ እጠብቃለሁ። ልጆችዎ ሁላችን እንወድዎት ነበር፤ በሕይወት ሳሉ በዚህ ቃል ባንነግርዎትም አሁን እነግርዎታለሁ። ነፍስዎ የሄደችበት ይመቻት፤ የሚጠይቁት ሁሉ ደስ ብሎት የሚመልስልዎ ይሁን። ደህና ይሁኑ፣ እትዬ። እኔ ዝም ብያለሁ፤ ይዩት።